የጌድ አስማት አሳመነኝ፤ ጌድ ግን አላሳመነኝም

መነሻ ጽሑፍ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ሌ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችውን «ኤ ዊዘርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምናባዊ ልብ ወለድ ወዳጅ አይደለሁም። ሽፋኑ ላይ ዘንዶ ወይም በትር የጨበጠ ሽማግሌ ካየሁ መጽሐፉን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ይህን ግን ታናሽ ወንድሜ ካላነበብከው አልለቅህም ብሎ እጄ ላይ ጣለው፤ ሁለት ሌሊት አሳደረኝ።

ላላነበበ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ኧርዝሲ የሚባለው ዓለም ባሕርና ደሴት ብቻ ነው። ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት፣ እናቱ በሕፃንነቱ የሞተችበት የነሐስ አንጥረኛ ልጅ ፍየል ይጠብቃል። አክስቱ የመንደር ጠንቋይ ናት። ፍየሏን የምትጠራበትን ቃል ይሰማና ተራራ ላይ ሆኖ እሱም ይለዋል፤ መንጋው ሁሉ ሮጦ መጥቶ ዙሪያውን ይጣበቅበታል። እንዲለቁት የሚያደርገውን ቃል ግን አልሰማም ነበርና ደንግጦ ከነፍየሎቹ ወደ መንደር ይሮጣል። ለእኔ መጽሐፉ በሙሉ በዚህች ትዕይንት ውስጥ አለ፦ መጥራት የሚያውቅ፣ መመለስ የማያውቅ ልጅ።

የዚያ ዓለም አስማት በስም ላይ የቆመ ነው። ድንጋይም፣ ማዕበልም፣ ወፍም፣ ሰውም እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ያዘዋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ሸሽጎ በመጠሪያ ስም ይኖራል። ልጁ እናቱ ባወጣችለት ስም ዱኒ ነው፤ ጓደኞቹ ጭልፊት ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙ ግን ጌድ ነው። ይህን ስም ኦጊዮን የተባለ ዝምተኛ ጠቢብ በ12 ዓመቱ፣ ከቀዝቃዛ ምንጭ ውኃ ውስጥ ሲወጣ፣ በጆሮው ያንሾካሹክለታል።

አስማቱ አንድም ቦታ አላስገረመኝም፤ ይህን የምለው ለማመስገን ነው። አስማት የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ «ስሞች» ማለት ነው። ሴትዮዋ በአሜሪካዋ ኦሪገን ተቀምጣ ያሰበችውን ነገር ቋንቋችን በአንድ ቃል ቋጥሮ አስቀምጦታል። አያቴ አንገቷ ላይ የምታስረው ክታብ ነበራት፤ ውስጡ የተጻፈው የክርስትና ስሟ ነው፤ ያንን ስም ለጎረቤት ሲነገር ብትሰማ ትቆጣ ነበር። ዘንዶውስ ቢሆን? ኤቮድ የሚባለው ዘንዶ የሚናገረው እውነተኛ ስሞቹ ባሉበት በጥንቱ ቋንቋ ስለሆነ መዋሸት አይችልም፤ ጌድ ስሙን ሲጠራው ይያዛል። ሰይጣንን ስም አይጠሬ ብሎ የሚያልፍ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጌድ ግን ከእንጨት የተጠረበ ሆነብኝ። ይኮራል፤ በእልህ ተነሥቶ የሞተች ሴት መንፈስ ይጠራል፤ በተከፈተው ቀዳዳ ስም የለሽ ጥላ ገብቶ ፊቱን ይቦጫጭረዋል፤ የሚማርበት የአስማት ትምህርት ቤት ታላቅ አለቃ ቀዳዳውን ሲዘጉ ይሞታሉ። ከዚያ ይጸጸታል። ሁሉንም አየሁ፤ ግን ከሩቅ፣ ገድል እንደሚነበብልኝ ሆኜ። ጉድለቱ የእኔ ነው ወይስ የመጽሐፉ?

ይህን በአንድ የመጻሕፍት መወያያ ገጽ ላይ ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ክሩ፣ ከሥሩ የተከታተለው የመልስ ሰልፍ፣ ረዝሞ ነበር። መልሶቹን እንደ ቁጥራቸው አወሳለሁ፤ ሲጣሉ የጻፉትን አለዝቤ፣ የረሳሁትን ዘልዬ።

1. የመጀመሪያው መልስ የመጣው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ከቆዩ አንድ አባት ነው። ጽሑፋቸው በሰላምታ ይጀምራል፣ በሰላምታ ያበቃል፤ እኔንም ልጄ ይሉኛል። አስማቱን እንደ እኔ ወደውታል፤ የወደዱበት ቦታ ግን እኔ ቸኩዬ ያለፍኩት ነው። ጌድ ሮክ በተባለችው ደሴት ሲማር ወደ አንድ ገለልተኛ ግንብ ይላካል። እዚያ የስም መምህሩ በየቀኑ ረጅም የስም ዝርዝር ይሰጣሉ፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀለሙ ከገጹ ላይ ይጠፋል፤ ተማሪው እስከዚያ በቃሉ ካልያዘው ቀርቶበታል። እርሳቸው ይህን ሲያነቡ ግስ ያጠኑበት ዘመን መጣባቸው። ቀን ለምነው፣ ውሻ ነክሷቸው፣ ማታ ጎጆ ውስጥ በጨለማ ቃል በቃል ይቀባበሉ ነበር፤ የሚጠፋ ቀለም እንኳን አልነበራቸውም። የኔታ አንድ ግስ ሲናገሩ ነገሩ ራሱ ጎጆው ውስጥ የገባ ይመስላቸው እንደነበር ጽፈዋል። ትምህርት ቤት የሚባለውን ክፍል ከማንኛችንም በተሻለ ያነበቡት እርሳቸው ይመስሉኛል።

2. አንድ መስመር ብቻ። አስማት ማለት ስሞች መሆኑ እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠቀምበት የኖረ ቃል ነውና ተናድዷል። በማን እንደተናደደ አልገለጸም።

3. ይህቺ ሴት መጽሐፉን ብዙ ጊዜ ያነበበች መሆኗ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያስታውቃል። ሁለት ስሕተቴን አረመች። ጌድ ስሙን ያገኘው በ13 ዓመቱ እንጂ በ12 አይደለም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ በጥንቱ ቋንቋ መዋሸት የማይችለው ሰው ነው፤ ዘንዶ ይችላል፤ ያ ቋንቋ የዘንዶዎች የራሳቸው ቋንቋ ነውና እንደፈለጉ ያጣምሙታል። ይህን ካልያዝኩ የዘንዶውን ምዕራፍ በሙሉ አልተረዳሁትም ማለት ነው አለች፤ ልክ ናት። ኤቮድ ለጌድ ያቀረበለት ድርድር የሚያሳድደውን የጥላ ስም ሊነግረው ነበር። ጌድ ያንን ስም ቢያገኝ ይድናል፤ ዘንዶው ግን ሊዋሽ ይችላል፤ እውነት ቢናገር ደግሞ ዋጋው የደሴቶቹ ሰዎች ናቸው። ጌድ ስሙን ትቶ ዘንዶውን ወደ ደሴቶቹ እንዳይመጣ በመሐላ አሰረው። ከእንጨት የተጠረበ ሰው እንዲህ አይመርጥም የሚል ነው ክርክሯ። በመጨረሻም መጥራት እንጂ መመለስ የማያውቅ ያልኩትን ይዛ፣ ልጁ በስተመጨረሻ ጥላውን የሚጠራው በራሱ በጌድ ስም መሆኑን፣ ጥላውም በዚያው ቅጽበት ያንኑ ስም እንደሚጠራው አስታወሰችኝ።

4. መጽሐፉን ገና እያነበበ ያለ ሰው ነበር። መጨረሻውን ስለነገረችበት በ3ኛዋ ላይ የጻፈው እዚህ አይደገምም።

5. ለ4ኛው የተሰጠ መልስ፦ መጽሐፉ ከታተመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንብቦ ያልጨረሰ ሰው ስለ መጽሐፉ የሚወራበት ቤት ገብቶ ጆሮዬን አታስነኩኝ ማለት አይችልም። ነገሩ እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን ቅንነት የጎደለው ነበር። እኔ በበኩሌ 4ኛውን አዝኜለታለሁ፤ ያንን ገጽ ሳላውቀው በመድረሴ ዕድለኛ ነበርኩ።

6. ከእንጨት የተጠረበ ያልኩትን በቀጥታ የተሟገተው ይህ ነው፤ ከጻፍኩት ውስጥ ደግሞ እኔ ሳላስበው ያመለጠችኝን አንዲት ቃል አነሣ፤ ገድል። መጽሐፉ ገና ሲጀምር የጌድ ጀብዱ በዚያ ዓለም በዜማ እንደሚነገር፣ ያም ዜማ የጌድ ገድል ተብሎ እንደሚጠራ፣ ይህ ታሪክ ግን ስሙ ከመውጣቱ በፊት የሆነው እንደሆነ ይነግረናል። እንግዲህ ተራኪው የሚያወራልን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ታላቅ ሰው፣ ማንም የማያውቀውን ክፍል ነው። ገድል ስናዳምጥ ቅዱሱ ጠዋት ሲነሣ ምን ተሰማው ብለን አንጠይቅም፤ ምን አደረገ ብለን ነው የምንጠይቀው። ጉድለቱ የእኔ ነው ማለቱ ነው፣ በጨዋ አነጋገር። ግማሹን ተቀበልኩ። ገድል የሚደመጠው ግን ከምእመን ጋር፣ በበዓሉ ቀን፣ ቅዱሱን አስቀድሞ በሚወድ ሰው ነው፤ እኔ ጌድን የማላውቀው እንግዳ ነበርኩ።

7. አንድ ወንድም ስለ ነፍሳችን ተጨነቀ። አጀማመሩ የትሕትና ነው። እየቆየ ግን አስማትን በጨዋታ መልክ የሚያለማምዱ መጻሕፍት የጥፋት በር መሆናቸውን፣ ክታብ ያስሩ የነበሩ አያቶቻችንም ባለማወቅ የሳቱ መሆናቸውን ጻፈ። አያቴን ባይነካ ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

8. እኔ ሳልመልስ ሌላ ሰው መለሰለት፤ ከእኔ በአሥር እጥፍ ብሶ።

9. የ1ኛው መልስ አባት ተመልሰው በመሃል ገቡ። ሁለቱንም አልተቆጡም፤ ነገሩን ብቻ ለዩት። የመለኮት ስሞችን በጸሎት መጥራት አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ለመጉዳት መተት ማድረግ ሌላ። በልፋፈ ጽድቅ ውስጥ ስሞች ይጠራሉ፤ መጽሐፉ ከሟች ጋር የሚቀበረውም ስለዚሁ ነው። በመርበብተ ሰሎሞን ንጉሡ አጋንንትን ስማቸውን አስነግሮ፣ ዓሣ በመረብ እንደሚያዝ ይይዛቸዋል። ይህ ሁሉ በሊቃውንቱ ዘንድ ያለ ክርክር የተቀበሉት እንዳልሆነም አልሸሸጉም፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠንቋይና አስማተኛን ምን ያህል እንዳሳደዱ አስታወሱ። ስለዚህ 7ኛው የተናገረው ጭንቀት አዲስ አይደለም፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ አያቶችን መውቀስ ግን አያስፈልገውም። 7ኛው አመሰገናቸው። 8ኛው ዝም አለ።

10. ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው ይህንን ነው። በመጽሐፉ ኦጊዮን ዝናብ ሲዘንብበት ዝናቡን አያባርርም፤ ዛፍ ሥር ተጠልሎ ይተኛል፤ ወጣቱ ጌድ እየበሰበሰ ይበሳጫል፣ ዝናብ ማስቆም የማይችል ጠቢብ ምን ይሠራል ብሎ። በኋላ በሮክ የሚማረው ይህንኑ ነው፦ አንድ ደሴት ላይ የወረደ ዝናብ ሌላው ደሴት ላይ ድርቅ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑን የሚያውቅ እጁን ይሰበስባል። የ10ኛው ጸሐፊ የገበሬ ልጅ ነው። በመንደራቸው በረዶ የሚመልስ ሰው ነበር፤ እህሉ ሊደርስ ሲል ደመናው ከጠቆረ ሰውየው ኮረብታ ላይ ወጥቶ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ለዚህም በመኸር ጊዜ ከየቤቱ ጤፍ ይሰፈርለታል። አንድ ዓመት በረዶው የእነርሱን ማሳ አልፎ ከወንዝ ማዶ ያለውን መንደር ጤፍ አወደመው። የማዶዎቹ ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ በረዶውን የላካችሁብን እናንተ ናችሁ፣ ካሳ ክፈሉን ብለው። ሽምግልናው ሦስት እሑድ ፈጀ። በረዶ መላሹ ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መመለስ እንጂ መላክ አላውቅበትም ብሎ ነው የተከራከረው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሣቅኩ፤ ከዚያ የፍየሎቹ ትዕይንት ትዝ አለኝና ሣቄ ቆመ።

11. ውይይቱ እዚህ ላይ ታጠፈ። አንዱ መጽሐፉን ወደ አማርኛ ሊመልስ ያስባል፤ ዊዘርድ የሚለውን ደብተራ ብለው ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ።

12. የአንድ ደብተራ ልጅ መለሰች። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሕሌት የቆሙ፣ ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ የደብተራ ስም በየመጽሔቱና በየፊልሙ ከመተት ጋር ሲነሣ ሰልችቷታል። ቃሉን በዚህ ትርጉም የሚጠቀም ሰው አንድ ቀን ዋዜማ ቆሞ ይደር፣ ከዚያ ይጻፍ። ሹል ነበረች፤ ለመሾሏ ምክንያት ነበራት። 11ኛው ይቅርታ ጠየቀ።

13. ሌላ ሰው ቃሎችን አንድ በአንድ መዘነ። ጠንቋይ የሚያውቀው የተሰወረ ነገር ነው፤ መተተኛ ክፋት ነው ሥራው፤ አስማተኛ አሁን አሁን ገበያ ላይ ካርታ የሚደብቅ ሰው ሆኗል። የቀረው ጠቢብ ነው። ከዚያም እኔ አስቤው የማላውቀውን አከለ፦ በአንዳንድ አገር አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ የሚሏቸው ከዚሁ ከጠቢብ ነው፤ ሰው ጥበባቸውን ስለፈራ ስማቸውን ስድብ አደረገው። የጌድ አባት አንጥረኛ መሆኑን ማንም አላነሣም ብሎ ጨረሰ።

14. ያነሣችው ከእስራኤል የጻፈች እህት ናት። ቤተሰቧ ከጎንደር አካባቢ የሄዱ ቤተ እስራኤል ናቸው። አያቷ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር፣ ሴት አያቷ ጀበና ይሠሩ ነበር። ጎረቤት ማረሻውን ይገዛል፣ በጀበናው ቡና ያፈላል፤ ልጁ ሲታመም ግን ቡዳ በላው ብሎ ወደ እነርሱ ቤት ያያል። የአንጥረኛ ልጅ ጠቢብ ሲሆን መንደሩ ቢፈራው፣ ልጁም በመፈራቱ ቢኮራ አልደነቃትም። ሌላ ነገር ነው ያስቆማት። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በልጅነቷ ሄደች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋቸው መምህርቷ በየተራ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ሰጠቻቸው። ለእርሷ የደረሳት ስም ምን ማለት እንደሆነ የገባት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጌድ ወደ ምንጩ ከመግባቱ በፊት እናቱ ያወጣችለት የልጅነት ስም ይወሰድበታል፤ ራቁቱን ስም የለሽ ሆኖ ውኃውን ይሻገራል፤ ማዶ ኦጊዮን ክንዱን ይዞ አዲሱን ስም ይነግረዋል። እርሷን ማንም ክንዷን አልያዛትም። እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግታ ለአንድ ወር አልከፈተችውም። እናቷ ዛሬም በድሮው ስሟ ይጠሯታል፤ ስሙን ግን አልጻፈችልንም።

15. አንድ ሰው እዚህ ላይ ፖለቲካ አመጣችሁ ብሎ ጻፈ። ሌላም ጨመረ፤ አወያዩ ሰረዘው።

16. ለ15ኛው መልስ የሰጡ አምስት ያህል ነበሩ፤ በአንድ ቁጥር አድርጌያቸዋለሁ፤ ስሜታቸው አንድ ነውና።

17. ስለ መልክ። ጸሐፊው ጌድ ቆዳው ቀይ ዳማ፣ ወዳጁ ቬች ደግሞ ጠቆር ያለ መሆኑን፣ በመጽሐፉ ነጮቹ ከምሥራቅ በመርከብ መጥተው መንደር የሚያቃጥሉት ካርጎች መሆናቸውን አስታወሰ። እንዲያም ሆኖ ለዓመታት የመጽሐፉ ሽፋኖች ጌድን ነጭ አድርገው ሣሉት፤ በ2004 ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲሠራም ዋናውን ሚና የያዘው ነጭ ተዋናይ ነበር፤ ሌ ጉዊን ተቃውሞዋን በይፋ ጻፈች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ገጹ ላይ በግልጽ ተጽፎ እያነበብኩ፣ በአእምሮዬ ጌድን ነጭ አድርጌ ሥዬው ነበር። ጎንደሬ ፍየል ጠባቂ ሊመስለኝ የሚገባውን ልጅ። ምናልባት የራቀኝ በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

18. ስለ ሴቶቹ። አክስቱ እውቀቷ ጥቂት፣ ዝናዋ የተናቀ ጠንቋይ ናት፤ በኋላ ጌድን የምትፈትነው ሴሬት ውብና አሳሳች ናት፤ በሮክ ትምህርት ቤት አንዲት ሴት ተማሪ የለችም። የሴት አስማት ደካማ ወይም ክፉ ነው የሚል አባባል በዚያ ዓለም እንደ ተረት ይነገራል። ጸሐፊዋ ሴት ሆና እንዴት?

19. 3ኛዋ ተመልሳ፣ ሌ ጉዊን ራሷ ይህን አይታ በ1990 ባወጣችው «ቴሃኑ» ወደ ጎንት እንደተመለሰች ተናገረች። እዚያ መሃሉን የያዙት ባሏ የሞተባት ቴናርና በእሳት የተቃጠለች ሕፃን ናቸው፤ ጌድ ደግሞ ኃይሉን ሁሉ አጥቶ ይመጣል።

20. 18ኛዋ አልረካችም፦ ከ22 ዓመት በኋላ የመጣ ካሳ የመጀመሪያውን ገጽ አይቀይረውም፤ መጽሐፍ የሚፈረደው በራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተጻጻፉት ሹል ቢሆንም ንጹሕ ነበር፤ ሁለቱም አንብበዋልና። እኔ ፍርዴን ለ18ኛዋ እሰጣለሁ፤ ያቺ አክስት ልጁን መጀመሪያ ያስተማረች ሆና ሳለ፣ ከጥቂት ገጽ በኋላ ማንም አያስታውሳትም።

21. ስለ ጌድ ትንሽ አውሬ፣ ትከሻው ላይ ስለሚቀመጠው ኦታክ። ጌድ የሚሞት ሕፃን ነፍስ ተከትሎ ከሄደበት መመለስ ሲያቅተው፣ እየላሰ የቀሰቀሰው ይህ እንስሳ ነው። ከዚህ ቀጥሎ አራት ሰዎች ስለ ድመቶቻቸው ጻፉ። አንደኛዋ ድመት ታማ ነበር፤ ተሽሏታል።

22. ከጅዳ የጻፈች እህት። እርሷ ሙስሊም ናት፤ አስማት የሚለውን ሳነሣ አስማኡል ሁስና፣ ዘጠና ዘጠኙ ውብ የአላህ ስሞች፣ ትዝ አሏት፤ ሥሩ አንድ ነው። ከዚያ የራሷን ነገር አወጋች። ቤት ሠራተኛ ሆና ስትገባ አሠሪዋ ስሟ አልመች ብሏት ሌላ ስም አወጣችላት። 14ኛዋን አክብራ፣ እርሷ ግን በተቃራኒው ሆነባት፦ በዚያ ቤት የሚጠራውና የሚታዘዘው ያ ሌላ ስም ነበር፤ የእርሷ ስም ሳይነካ ተቀመጠ፤ ማታ ወደ ወሎ ስትደውል እናቷ ብቻ ይጠሩባት ነበር። አራት ዓመት እንዲህ አሳለፈች። የኧርዝሲ ሰዎች ለምን ሁለት ስም እንደሚይዙ ከመጽሐፉ በፊት ታውቀው ነበር ማለት ነው።

23. ይህን ተከትሎ አንድ አንባቢ የሌ ጉዊንን አባት አነሣ። አልፍሬድ ክሮበር የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ነበር። በ1911 ወገኖቹ ሁሉ ያለቁበት አንድ የያሂ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) ሰው በካሊፎርኒያ ከጫካ ወጣ፤ በወገኑ ልማድ የራሱን ስም ለእንግዳ አይናገርምና፣ ክሮበር ኢሺ ብሎ ጠራው፤ በእነርሱ ቋንቋ «ሰው» ማለት ነው። በ1916 ሞተ፤ እውነተኛ ስሙን ማንም አልሰማም። የሌ ጉዊን እናት ቲዎዶራ ክሮበር በ1961 ስለ እርሱ መጽሐፍ አሳተመች። ልጅቷ የተወለደችው በ1929 ነው፤ አላየችውም፤ ግን ስም የተሸሸገበት ታሪክ የወላጆቿ ነበር። አንባቢው ከዚህ ተነሥቶ አስማቱ የመጣው ከኢሺ ነው ሊል ፈልጎ ነበር፤ ወዲያው ከሥሩ ያን ያህል መራመድ አይቻልም ያለው ሰው ግን አቆመው። እኔም ባቆመው ደስ አለኝ።

24. ወደ ጥያቄዬ የመለሰኝ ሰው አጭር ነው የጻፈው። ስለ ጌድ ስትጠይቅ ቬችን ረሳህ አለኝ። ጌድ ጥላውን ከለቀቀ በኋላ ፊቱ ጠባሳ፣ ስሙ የጠፋ፣ ሌሎች የሚሸሹት ሰው ነው። ቬች ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተው ይመጣል፤ ሲሰናበተውም ሳይጠየቅ እውነተኛ ስሙን ይነግረዋል፤ ኤስታሪዮል። ስሙን የሚያውቅ ሊገድለው በሚችልበት ዓለም፣ የሙታንን በር በከፈተው ልጅ እጅ ስሙን ያስቀምጣል። ጌድም በምላሹ የራሱን ይነግረዋል። 24ኛው የጻፈው ይህን ያህል ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ የክርስትና ስምህን ለማን ነግረህ ታውቃለህ?

25. መጽሐፉ አዲስ አበባ የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ። ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ ፈልግ ተባለ። ዋጋው ላይ ትንሽ ተነታረኩ።

26. ይህ የእኔ ነው። ለ24ኛው እውነቱን ጻፍኩ፦ ለንስሐ አባቴና ለባለቤቴ። ሌላ ለማንም። ከዚያም ሳልጠየቅ ስለ አንድ ወዳጄ ጻፍኩ። ሃያ ዓመት አብረን ነበርን፤ አባቴ ሲሞት ሣልስቱ እስኪወጣ ከቤቴ አልወጣም፤ እኔ ሥራ አጥቼ ሰው ስልኬን በማያነሣበት ወቅት እርሱ ነበር በየማታው የሚመጣው። የክርስትና ስሙን አላውቅም። እርሱም የእኔን አያውቅም። ቬችን ያህል ሰው አጠገቤ እያለ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ገጽ ዐይኔን ሳላሽ ማለፌ ገረመኝ። በዚህ ዕድሜ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠይቃል?

27. 3ኛዋ ናት የመለሰችው። ጌድ ከሮክ ሊወጣ ሲል በር ጠባቂው አንድ ፈተና ይሰጠዋል፦ ስሜን ካላወቅህ አትወጣም። ጌድ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያስባል፤ ኃይል አይሆንም፣ ብልሃትም አይሆንም፣ ሁሉንም ያወጣል ያወርዳል። ሲመሽ ተመልሶ በር ጠባቂውን ስምህ ማነው ብሎ ጠየቀው። ነገረውም። ከዚህ ሌላ ምንም አልጻፈችልኝም፤ ገጹን ብቻ ነገረችኝ፤ ሄጄ አየሁት፤ በትክክል እንዳለችው ነው።

ማታ ለወዳጄ ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ደህና ነኝ ስለው አላመነኝም፤ ባለቤትህን አቅርብልኝ አለ። እርሷ እየሣቀች ደህና ነው አለችው። ስልኩን ተቀብዬ ደግሜ ጠየቅኩት። በስልክ አይነገርም አለኝ። ቅዳሜ ይመጣል።